ከቆረቡት ቄስ የቀዳሁት ደም

ላቦራቶሪ በገባሁበት በመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝ ሥራ ስላይድ፣ ደም ተቀብቶ የሚመረመርበትን ስስ መስታወት፣ ማጠብ ነበር። አለቃዬ አቶ ካሳዬ አንዱን ወደ መስኮቱ አነሱና የጣቴን አሻራ አዩበት። "ይኼን ወባ ብለሽ ብትጽፊ፣ ሰው ያላመመውን ኪኒን ይውጣል" አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ያን ቀን የገባብኝ ፍርሃት ጡረታ እስክወጣ አልለቀቀኝም።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሰቆጣ ውስጥ እኛ ዘንድ መብራት የሚመጣው በጄኔሬተር ነበር። ናፍጣ ሲያልቅ ማይክሮስኮፑን መስኮት ሥር አስጠግተን በመስታወቱ ፀሐይ እንቀበላለን። ደመና ከመጣ ቆመን ሰማይ እናያለን። ደሙን አሽከርክሮ የሚለየው ሴንትሪፊውጅም በእጅ የሚዞር ነበር።

የደም ባንክ የሚባለውን በስሙ እንጂ በመልኩ አላውቀውም። ደም ያስፈለገው ሕመምተኛ ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል፤ የሁሉንም ጣት ወግቼ ደማቸውን እለያለሁ። የሚስማማ ካጣሁ ለሐኪሙ "የለም" የምለው እኔ ነኝ። እንደዚያች ቃል የጠላሁት ነገር የለም።

አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ታደለች የምትባል አራስ ከሰቆጣ ዙሪያ በቃሬዛ መጣች። ቤቷ ወልዳ ደሙ አልቆም ብሏት ነው። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ተረኛው ዶክተር ደሙን ለማቆም እየታገሉ፣ "ቶሎ ደም ፈልጊልኝ፤ አለዚያ አናተርፋትም" አሉኝ።

ደሟ ኦ ሆነ። ኦ ለሌላው ይሰጣል፣ ከኦ በቀር ግን አይቀበልም። የባሏን ጣት ወጋሁ፤ ኤ። ሁለቱ የባሏ ወንድሞች ቢ። የእኔም ኤ ነው። ከሠራተኛው ኦ የነበረው ጥበቃችን በቅርቡ ለሌላ ሰው ሰጥቶ ገና አላገገመም። ያች የጠላኋት ቃል ምላሴ ላይ መጣች።

በረንዳው ላይ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው የቆሙ ቄስ አሉ። ባልየው በአገውኛ አንድ ነገር ቢላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ማን እንደሆኑ ጠየቅሁት። "ወንድሟ ናቸው፤ ቄስ ኪሮስ" አለኝ።

ቀረብ ብዬ "አባ፣ ጣትዎን ይስጡኝ" አልኋቸው።

"ልጄ፣ ዛሬ ቀድሼ ቆርቤአለሁ። የቆረበ ሰው ደም አይፈሰውም።"

እናቴም በቆረበች ቀን እሾህ ቢወጋት እስከ ማግስቱ ታነክሳለች እንጂ አታስነቅልም ነበር። ተመልሼ ለዶክተሩ ስነግራቸው "ትሞታለች በያቸው!" ብለው ጮኹብኝ። ይህንማ ቄሱም ያውቃሉ፤ ቃሬዛውን ተሸክመው ያመጧት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሌላ ነገር ጠየቅኋቸው።

"አባ፣ የሚያስፈራዎ ምኑ ነው?"

"መሬት መንካቱ፣ መረገጡ። ሥጋ ወደሙ የገባበት ሰውነት እኮ ነው።"

ደም የሚቀዳበትን ከረጢት አምጥቼ አሳየኋቸው። ከክንድዎ በዚህ ቱቦ ወደዚህ ይገባል፣ ከዚህ ደግሞ ወደ እሷ፣ አልኋቸው።

"ጠብ ሳይል?"

"ጥጥ ላይ ጥቂት ይቀራል። ለምርመራም ትንሽ እወስዳለሁ።" የለም ብዬ ልሸነግላቸው እችል ነበር፤ አላስቻለኝም።

"የቀረው የት ይጣላል?"

"አይጣልም፣ ይቃጠላል። የሥራችን ደንብ ነው።"

ቀና ብለው አዩኝ። "በእኛም ዘንድ ሳይታሰብ የፈሰሰ ካለ በጨርቅ ተለቅሞ ይቃጠላል" አሉ። ጣታቸውንም ዘረጉልኝ። "ንስሐ አባቴ የሚሉኝን እቀበላለሁ። ቅዳሴው ይቆየኛል፤ እህቴ አትቆየኝም። በይ ውጊኝ።"

ኦ ሆኑ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ግን የኤችአይቪ ምርመራው ገና ነው፤ የሁለቱን ደም አገናኝቶ መስማማቱን ማየትም አለ። ከማዶ ክፍል ዶክተሩ "ደሙስ?" ይላሉ። ሴንትሪፊውጁን እያዞርሁ ላቤ ይንጠባጠባል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ፤ ያልተስማማ ደም ከገባ ግን መልቀም እንኳ የለም፤ ገዳይዋ እኔ ነኝ። ምርመራው ነጻ ሆነ። ደሞቹም ተስማሙ።

ቄሱ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም ነበርና መጀመሪያ ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጣናቸው። ከረጢቱ እስኪሞላ ዓይናቸውን ከወለሉ አልነቀሉም። እኔም እንደሳቸው።

መርፌውን ስነቅል ጥጡ ተንሸራተተና አንዲት ጠብታ በክንዳቸው ወረደች። ወለሉ ሳትደርስ በጋዋኔ እጅጌ ተቀበልኋት። ቄሱ እጅጌዬን አዩ። ያለኝ ጋዋን እሱ ብቻ ነበር። ደሙን ለዶክተሩ አድርሼ ስመለስ ጋዋኔን አወለቅሁና ከጥጡ ጋር ወደ ማቃጠያው ጉድጓድ ወሰድሁት። ቄሱም እየደከማቸው ተከትለውኝ ወጡ፤ ግድግዳ ተደግፈው አመድ እስኪሆን አዩ።

ወደ ማታ ታደለች ውሃ ጠየቀች። ዶክተሩ በሩ ሥር ቁጭ አሉ። እኔ ግን ያልተስማማ ደም ያንቀጠቅጣልና "ብርድ ብርድ ይላት ይሆን?" እያልሁ ተመላልሼ ግንባሯን ዳሰስሁ። ሰኞ አቶ ካሳዬ ጋዋኔን ጠየቁኝ፤ የሆነውን ስነግራቸው የራሳቸውን ትርፍ ሰጡኝ። ስፋቱ ሁለት እኔን ይይዛል።

ቄስ ኪሮስ እህታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ፣ ንስሐ አባታቸው ምን እንዳሏቸው ጠየቅኋቸው።

"ቀኖና ሰጥተውኛል። ለጊዜው ከመቅደስ ውጭ ቆሜ ነው የማስቀድስ።"

"አይቆጭዎትም አባ?"

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "እንዴት አይቆጨኝ?" አሉ። ከዚያ ዘወር ብለው፣ ሕፃኗን ታቅፋ በእግሯ ወደ በሩ የምትሄደውን ታደለችን አዩ። ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሏት።

ከዚያ ወዲህ ደም አልሰጥም ያለኝን ሰው ተቆጥቼ አላውቅም። የሚፈራውን እጠይቀዋለሁ፤ የሚሆነውን ሳልቀንስ እነግረዋለሁ። አንዳንዱ ይሰጣል፣ አንዳንዱ አይሰጥም።