ጤና አዳም ፎቶ ቤት የገባ ጊዜ

ሰላጣ ላይ አቼቶ ሲፈስ በሸተተኝ ቁጥር የሚመጣብኝ ምራቄ ሳይሆን የአባቴ ጨለማ ክፍል ነው። አባቴ ሰይድ ፒያሳ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረው፤ ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚያጥብበት መድኃኒት ልክ እንደ አቼቶ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ስለነበር፣ አመሻሹ ላይ ወደ ቤት ሲመጣ ሽታው ቀድሞት ይገባ ነበር። እናቴ «ሰይድ መጣ፣ ሰላጣውን አቅርቡ!» እያለች ትስቅበት ነበር።

እናቴ ዘሀራ የጥልፍ ሰው ነበረች። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ላይ ከነበረው ቤታችን ደጃፍ ተቀምጣ የቀሚስ አንገትና እጅጌ ስትጠልፍ ትውል ነበር። ሌሎቹ ጠላፊዎች የታተመ ንድፍ ይገለብጣሉ፤ እሷ ግን ወሎ ሳለች እናቷ እንዳስተማረቻት፣ አበባውን ቀጥፋ ፊቷ አስቀምጣ፣ እያየች ነበር የምትጠልፈው። «ያላዩትን አበባ መጥለፍ ውሸት ነው» ትል ነበር። ከሁሉም የምትወደው በራችን ላይ በዘይት ጣሳ የበቀለውን የጤና አዳም አበባ ነው። የጤና አዳምን ቅጠል ቡና ውስጥ የማያውቀው የለም፤ አበባውን ግን ማን ልብ ይለዋል? ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጥ፣ አራት ቅጠል ያላት ቢጫ ነገር ናት።

አንድ ክረምት ዓይኗ ደከመ። መነጽር ታዘዘላትና ጨርቁን እንደምንም ታይ ጀመር፤ «መርፌውንስ ጣቴ ያውቀዋል» ትል ነበር፤ የአበባው ውስጥ ግን ቢጫ ጭጋግ ሆነባት። ታላቅ እህቴ ራህማ ደግሞ በመጪው ጥር ልትዳር ነበር፣ እናቴም የሠርጓን ቀሚስ አንገት በዚያች አበባ እንደምትጠልፍላት ገና በሕፃንነቷ ቃል ገብታላት ነበር። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ይውላል፣ እሷ ነጩን ጨርቅ ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም ትላለች። ራህማ «እማ፣ ተይው በቃ፣ መርካቶ የተጠለፈ ሞልቷል» ስትላት ፊቷን አዙራ ታለቅስ ነበር። እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፣ የእናቴን ዝምታ ያህል የሚያስፈራኝ ነገር አልነበረም።

በመጨረሻ አባቴ አላስችል ብሎት «አበባውን ፎቶ አንስቼ፣ ሰሃን የሚያክል አድርጌ ነው የማሳይሽ» አላት።

መስከረም ጠብቶ ጤና አዳሙ ሲያብብ ካሜራውን በሦስት እግሩ ጣሳው ፊት አቆመው። ተራ ሌንስ አፍንጫው ሥር ያለውን ነገር አጥርቶ ስለማያይ፣ ሌንሱን ፈትቶ ገለበጠና ፊቱን ወደ ውስጥ አድርጎ በፕላስተር አሰረው፤ የተገለበጠ ሌንስ ትንሹን ነገር ያጎላል። እሱ ነፋስ ለመከለል ነጠላ ይዞ መቆም ስለነበረበት ካሜራው ለእኔ ደረሰኝ። «ሌንሱን ማዞር እዚህ አይሠራም፣ ሶፊ። ካሜራውን ራሱን ነው ገፋ፣ ሳብ የምታደርጊው፤ ቀስ አድርገሽ» ይለኝ ነበር። እኔም ትንፋሼን ይዤ ገፋ፣ ሳብ ሳደርገው ቆይቼ፣ ከጭጋጉ ውስጥ ከአበባው መሃል ከቆሙት ቀጫጭን ዘንጎች አንዷ ድንገት ጥርት ብላ ስትወጣ፣ የምጮኸው ጩኸት ለጎረቤት ይተርፍ ነበር።

ችግሩ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ፊት ሲያነሳ የኖረ ሰው መሆኑ ነበር። ለእሱ ብርሃን የሚገባበት የሌንስ ቀዳዳ በሰፊው መከፈት አለበት፣ ያኔ የተነጣጠረበት ብቻ ይጠራል፤ «ዓይኑ ከጠራ ሰውዬው ጠራ፣ ጆሮውን ማን ያየዋል?» ይል ነበር። አበባ ደግሞ ዓይንም ጆሮም የለውም። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ያቺ አንዷ ዘንግ እንደ መርፌ ጠርታ፣ አራቱም ቅጠል ጭስ ሆኗል። እናቴ ፎቶውን ተቀብላ አገላብጣ አየችውና «ማሻአላህ» አለች። ወደ ዓይኗ አስጠግታው ደግሞ «ግን ምንድን ነው?» አለችው። ራህማ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓሮ ሮጠች፤ አባቴ እራቱን ሳይበላ ተኛ።

ኩርፊያው ሲበርድለት «አበባ ለካ ሰው አይደለም» ብሎ አመነ። ቀዳዳው ሲጠብ ከፊት እስከ ኋላ የሚጠራው ነገር ይበዛል፤ ነገር ግን የሚገባው ብርሃን ስለሚያንስ ካሜራው ዓይኑን ገልጦ ረዘም ላለ ጊዜ መጠበቅ አለበት፣ በዚያ መሃል ደግሞ የጥቅምት ነፋስ አበባዋን ያስጨፍራታል። ነጠላውም አልበቃ ሲል፣ አባቴ ጣሳውን እንዳለ ታቅፎ ዳገቱን ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት። የወርቅ ቤቱ ዘበኛ ገና ከሩቅ አይቶን «ጋሽ ሰይድ፣ ጤና አዳሙም መታወቂያ ሊያወጣ ነው እንዴ?» አለ። «ወላሂ፣ ካንተ የተሻለ መልክ አለው!» አለው አባቴ።

ጣሳውን ደንበኞች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ አስቀመጠው። ከልምዱ የተነሳ «አገጭ ቀና፣ እንዳትነቃነቅ» ማለቱ አልቀረም፤ ማንን እንዳለ ሲገባው ራሱም ሳቀ። የፎቶ ቤቱ መብራት እንደ ምድጃ ስለሚያግል አበባዋን እንዳያጠወልጋት ሥራው በየተራ ሆነ፦ ቀዳዳውን በሰፊው ከፍቼ በመስኮቱ ብርሃን ፎከሱን አስተካክላለሁ፣ ከዚያ ቀዳዳውን አጠብባለሁ፣ እሱ መብራቱን ቦግ ያደርጋል፣ አነሳለሁ፣ ያጠፋል። እንዲህ ስንል ፊልሙ አለቀ፣ አበባዋም አንገቷን ደፋች።

በጨለማው ክፍል ቀይ መብራት ሥር ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ ሲዋኝ አበባዋ ቀስ በቀስ መጣች፣ እውነትም ሰሃን አክላ። ሦስቱ ቅጠሎች ከነጫፋቸው ጠርተዋል፤ ወደ ኋላ የተለመጠው አራተኛው ግን አምልጦን ደብዝዟል። አባቴ ከንፈሩን መጠጠ። እንድገመው እንዳይል፣ ጣሳው ላይ የቀሩት አበቦች ሁሉ ፍሬ ይዘው ነበር።

እናቴ ፎቶውን መስኮቱ ጋ ወስዳ ብዙ አየችው። «ያ ረቢ! ጫፉ ጸጉር አለው እንዴ? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ላጭቼው ኖሬያለሁ!» ብላ ከክረምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። ዕለቱኑ ክሯን መረጠች። ኅዳርንና ታኅሣሥን ፎቶውን ግድግዳ አስደግፋ ስትጠልፍ ከረመች፣ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ስታንጎራጉር እሰማት ነበር።

በሠርጉ ጠዋት አባቴ ራህማን ፎቶ ሊያነሳ ወደ አንገቷ ጠጋ አለና ቆመ። በእያንዳንዷ አበባ ላይ ሦስቱ ቅጠሎች ከነጸጉራቸው በደማቅ ቢጫ ተጠልፈዋል፤ አራተኛው ግን በፈዘዘ ክር፣ ጫፉ የት እንዳለቀ ሳይታወቅ ጨርቁ ውስጥ ይጠፋል። «ዘሀራ፣ ይሄ እኮ የኛ የፎከስ ስህተት ነው፣ አበባው እንዲህ አይደለም» አላት በሐፍረት። እናቴ አልደነገጠችም። «አውቃለሁ። እኔ ግን አሁን እንዲህ ነው የማየው። ልጄ ‹እናቴ ስትጠልፍልኝ እንዲህ ታይ ነበር› ትበል» አለችው። አባቴ ካሜራውን ወደ ዓይኑ መለሰ፤ እኔና ራህማ አለቀስን።

ዛሬ የኔም እንጀራ ካሜራ ነው። ለትንንሽ ነገር ተብሎ የተሠራ ሌንስ አለኝ፤ ካሜራውም ፎከሱን ከቅጠል ወደ ቅጠል እያሻገረ ደጋግሞ ያነሳልኛል፣ እኔም አንድ ላይ ስገጥመው የሚያመልጠኝ ቅጠል የለም። አባቴ ይህን ሳያይ አለፈ፤ ቢያይ ኖሮ መቅናቱ አይቀርም ነበር። እናቴ አብራኝ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች፤ ቀንና ሌሊትን ትለያለች እንጂ ፎቶ አታይም። ስለዚህ ያነሳሁትን አበባ አጠገቧ ተቀምጬ በአፌ እነግራታለሁ፤ ስፈጥንባት ክንዴን ይዛ «ቀስ በይ፣ ጫፉን ገና አልነገርሽኝም» ትለኛለች። ያኔ የሚያጥረን ብርሃን ነበር፣ አሁን የሚያጥረኝ ቃል ነው። ቃል ሲያልቅብኝ፣ እሷ መርፌ እንደያዘ ሰው ጣቶቿን ጭኗ ላይ እያንቀሳቀሰች የቀረውን ትጨርሰዋለች።