ፍንጭቴን ያተረፍኩበት ቀን

የፊት ጥርሴ ሲታመም ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቀኝ የፍንጭቴ ነገር ነው። ወሎ እያለሁ ሰርግ ቤት ስገባ «ያቺ ፍንጭቷ መጣች» ነበር የምባለው። ፊቴ ላይ ሌላ የምኮራበት ነገር የለም፣ ወላሂ፤ አፍንጫዬን ከአባቴ ነው የወረስኩት፣ አላህ ይይለት። ከፍንጭቷ ግራና ቀኝ ካሉት ጥርሶች አንዷ ከተነቀለች ደግሞ ለእኔ አለቀ፣ ወላቃ እንጂ ፍንጭት የሚለኝ የለም።

የተመታሁት ዓረብ አገር፣ ዓይን ኤል ረማነህ በሚባል ሰፈር፣ ተቀጥሬ በምሠራበት ማዳሜ ቤት፣ መሰላል ላይ ወጥቼ መጋረጃ ስሰቅል ነው። የመጋረጃው ብረት አምልጦኝ ጥርሴን ጓ አደረገኝ። ትንሽ ደማ፣ ተውኩት። ከወራት በኋላ ጥርሴ መጥቆር ጀመረ፤ ቀጥሎ ድዴ አበጠ። ለማዳሜ ሳልነግራት ቅርንፉድ እየነከስኩ፣ በጨው ውኃ እየተጉመጠመጥኩ አንድ ሳምንት ቆየሁ። ጥርስ ሐኪም ማለት ለእኔ ነቃይ ነበር፤ በገዛ እግሬ ሄጄ ልነቀል እንዴ? በመጨረሻ ከንፈሬ አብጦ አፍንጫዬን ሊነካ ሲል ራሷ አየችኝ። «ያላ፣ ልበሺ!» ብላ መዝረዓ ሰፈር ወዳለው የራሷ ጥርስ ሐኪም ይዛኝ ሄደች።

ሐኪሙ ሽበት የወረሰው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ራጅ አነሳኝና «አንነቅለውም» አለ። «ውስጡ ያለው ነርቭ ሞቷል። እሱን አውጥተን ሥሩን አጽድተን እንደፍነዋለን።» እኔ «አንነቅለውም» ካለ ወዲያ አልሰማሁትም። እጁን ብስመው ደስ ባለኝ።

የማደንዘዣው መርፌ ሲገባ ግን ሁለቱም እግሮቼ ከወንበሩ ተነሱ። «አብሽሪ፣ አብሽሪ» አልኩ ለራሴ በልቤ። አፌ ላይ ስስ ላስቲክ ወጠረበትና ጥርሴ ብቻውን በቀዳዳው ብቅ አለ። ከዚያ ቀጫጭን ሽቦዎች እያስገባ ሥሩን ይፍቅ ጀመር። ሕመም የለም፤ ድምፁ ብቻ ጭንቅላቴ ውስጥ ይንኳኳል። ሲያጥበው ደግሞ ሽታው አፍንጫዬን ሰነጠቀው፤ ክሎር! ሽንት ቤት የማጥብበት ክሎር! ወይ ጉድ፣ ሥራዬ እስከ አፌ ድረስ ተከትሎኝ መጣ አልኩ። መድኃኒት ከቶበት ለጊዜው ዘጋውና ለሳምንት ቀጠረኝ። እብጠቱ በሁለት ቀን ሟሸሸ። ምን አለፋችሁ፣ ሰው ሆንኩ።

ጉዱ የፈላው በሁለተኛው ቀጠሮ ነው። ሐኪሙ ሥሩን ደፍኖ ጨረሰና ላስቲኩን አነሳ። ተረፍኩ ብዬ ልነሳ ስል ማዳሜ ፈገግ ብላ «ቆይ፣ ካዶ አለሽ» አለችኝ፤ ስጦታ ማለቷ ነው። ሐኪሙ መስታወት ሰጠኝና በትንሿ መሣሪያው ፍንጭቴን እያሳየ «የጠቆረውን ጥርስ በነጭ እንሸፍነዋለን። ሽፋኑን ሰፋ አድርገን ይቺን ቀዳዳም እንዘጋታለን፣ ኸላስ» አለ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ማዳሜ ስትናገር አፌ የሚያውቀው «ሓድር» ማለት ብቻ ነበር፤ እሺ። ቅዳሜ እረፍት የለሽም፣ ሓድር። ፀጉርሽን አሳጥሪ፣ ሓድር። ሐኪሙ ነጩን ነገር ይዞ ወደ አፌ ሲመጣ እጁን ለቀም አድርጌ ያዝኩት።

«ላእ!» አልኩ። ከንፈሬ ስለደነዘዘ ምራቄ አብሮ ወረደ፤ ግን ተሰማ። «ላእ፣ ማዳም! ይሄ በእኛ አገር ውበት ነው!»

ማዳሜ ፊቷ ልውጥ አለ። ሊቆጣኝ ነው ያልኩት ፊት ግን የተጨነቀ ሰው ፊት ነበር። «እኔኮ ላስደስትሽ ብዬ ነው» አለች። «ስትስቂ ሁልጊዜ አፍሽን በእጅሽ ትሸፍኛለሽ። ያኒ፣ በጥርስሽ የምታፍሪ መስሎኝ።»

አንጀቴን በላችው። ለካ ሦስት ዓመት ስታዝንልኝ ኖራለች! ታላቅ ሰው ፊት አፏን ከፍታ የምትስቅ ልጅ በእኛ ዘንድ ዓይን አውጣ እንደምትባል፣ አፌን የምሸፍነው እሷን አክብሬ እንደሆነ በተሰባበረ ዐረብኛዬ ነገርኳት። ሐኪሙ ይሄን ሲሰማ መሣሪያውን አስቀምጦ ሳቀ። ከዚያ ጥቁሩን ጥርስ ብቻ በልኩ ሸፈነልኝና በፍንጭቴ መሃል ክር አሳልፎ አሳየኝ፤ ክሩ ምንም ሳይነካው ወጣ። እፎይ! እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ።

ማዳሜ እየነዳች በመኪናዋ ወደ ቤት አመራን። መብራት ሲይዘን ዞር ብላ አየችኝ።

«ሌላስ?» አለችኝ። «ሳትወጂው ሓድር ያልሽኝ ሌላ ነገር አለ?»

«አለ» አልኩ። ቤት እስክንደርስ ዘርዝሬ አልጨረስኩላትም።