ባለስሟ ትምጣ

ላውንደሪ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ጋሽ ፍተሻ» ነው የሚሉት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራው የሰው ኪስ መበርበር ነው። የሠራተኛ ልብስ በጆንያ እየታጨቀ ይመጣል፣ እሱ ማሽኑ በር ላይ ቆሞ አንድ በአንድ ይዳብሳል። የጋብቻ ቀለበት አግኝቷል፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ አግኝቷል፣ አንዴማ ነፍስ ያላት እንቁራሪት አውጥቶ ሴቶቹን ጠረጴዛ ላይ አስወጥቷቸዋል። አንድም ነገር አምልጦት አያውቅም። እንግዲህ ይኸው ሰውዬ ነው፣ ማክሰኞ ዕለት የገዛ ቱታውን አውልቆ፣ ኪሱን ሳይነካ፣ ማሽን ውስጥ የወረወረው! የሰው ልብስ ለመፈተሽ የለመደ እጅ የራሱን ማን ብሎ ይፈትሸዋል?

ስልኩ ታጥቦ፣ ተጨምቆ፣ ማድረቂያ ውስጥ ተንጨርጭሮ ወጣ። መስታወቱ ረግፏል፣ ሲም ካርዱ ተጣሟል። ልብስ ተኳሿ ሴትዮ፣ «ጋሽ ፍተሻ፣ እንዲህ ንጹሕ ስልክ ያለው ከአንተ በቀር የለም!» ብላ ቀለደችበት። እሱ ግን ጆንያ ላይ ቁጭ አለ።

የስልክ ነገር ብቻ ቢሆንማ ምን ገዶት። አንዲት ልጅ አለችው፤ ባሕር ማዶ ሰው ቤት ትሠራለች። ስልክ መያዝ ተከልክላለች፤ እሱ እሷን የሚያገኝበት ቁጥር የለውም። በየሁለት ሳምንቱ ያገኘችውን ሰው ስልክ ለምና የምትደውለው እሷ ናት፣ በቃሏ የያዘችውም የአባቷን ቁጥር ብቻ ነው። ባለፈው እሑድ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬ፣ እዚህ ቤት አልቻልኩም። የፊታችን እሑድ ጥዬ እወጣለሁ። የት እንደገባሁ ደውዬ እነግርሃለሁ፣ አደራ ስልክህን እንዳትዘጋ» አለችው። እሱም፣ «ካልሞትኩ አልዘጋም!» ብሎ ማለላት።

ረቡዕ ጠዋት አለቃውን አስፈቅዶ ስልኩና ሲም ካርዱ ወደተገዙበት ድርጅት ሄደ። በሩ ላይ «ቢወድቅ፣ ቢሰበር፣ ውሃ ቢገባው እንተካለን» የሚል በትልቁ ተለጥፏል። ልቡ ቅቤ ጠጣ። ባንኮኒው ጋ ያለችው ልጅ የስልኩን ሬሳ በእስክሪብቶ ጫፍ ገለበጠችና፣ «ደረሰኝና ካርቶኑን ይዘው ይምጡ» አለችው። አልጋ ሥር ያለውን ኮተት ሁሉ ገልብጦ አገኘ፤ ሐሙስ ይዞ ሄደ። «ሲስተም የለም፣ ነገ» ተባለ። ዓርብ ሲስተሙ ደህና ገባ፤ ልጅቷ ደረሰኙን አየች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ እሱን አየች።

«አባባ፣ ስልኩም መስመሩም በእርስዎ ስም አይደለም።»

«የልጄ ነው። ልትሄድ ስትል በስሟ አውጥታ ሰጥታኝ ነው።»

«እንግዲያው ባለስሟ ትምጣ።»

«የኔ ልጅ፣ ባለስሟ እኮ ናት የምትደውልልኝ! እሷ እዚህ ብትኖር ስልክ ምን ያደርግልኛል?»

«ገብቶኛል። ካልሆነ ውክልና ትላክልዎት።»

«በምን ልንገራት?»

ልጅቷ «ውክልና ትላክልዎት» ብላ ደገመችለት። ክፉ ሆና አይደለም፤ እንዲህ በሉ ተብለው ነው። ቅዳሜ ኃላፊውን ለማነጋገር ግማሽ ቀን ቆሞ ዋለ። ኃላፊው ሳይቀመጥ፣ ሳያስቀምጠውም፣ «መመሪያ ነው» ብሎት አለፈ። ይኼ መመሪያ የሚሉት ነገር እናት አባት የለውም መሰለኝ!

ጎረቤቱ አሮጌ ስልክ አዋሰችው፤ ግን ያ መስመር የሌለበት ስልክ ምን ይፈይዳል? እሑድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦት ፊት ለፊቱ ቁጭ አለ። እንደማይጮህ ያውቃል፤ ግን ተነሥቶ መሄድ አቃተው። ምሳ አልቀመሰም። «ይኼኔ አባቴ ሞተ ብላለች» ይላል ለብቻው። «ካልሞትኩ አልዘጋም ብያታለሁ። ምን ብላ ታስብ ሌላ?»

ሰኞ የድርጅቱ በር ሳይከፈት ደረሰ። የባንኮኒዋ ልጅ ፊቱን ስታይ አሳዘናት መሰለኝ፣ «ቆይ፣ አንድ ነገር ልሞክር። የማረጋገጫ ቁጥር ለባለስሟ እልካለሁ፣ እሱን ካመጡልኝ እተካልዎታለሁ» ብላ ኮምፒውተሩን ነካካች። ከዚያ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣች።

«ወዴት ላክሽው?» አላት።

«የባለስሟ ስልክ ተብሎ የተመዘገበው ይኸው መስመር ነው። የተበላሸው ላይ።»

ጋሽ ፍተሻ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ልጅቷ ግን አሁንም ኮምፒውተሩን እያየች ነበር። «ስልኩ ዝግ ሳለ የደወለ ሰው እዚህ ይታያል» አለች ቀስ ብላ። «ትናንት ከውጭ ተደውሏል። ያው አንድ ቁጥር ነው፤ አሥራ አራት ጊዜ።»

ባንኮኒውን በሁለት እጁ ያዘ። «ቁጥሩን ንገሪኝ።»

«አልችልም አባባ። የሚሰጠው ለባለስሟ ብቻ ነው። ከሥራ ያባርሩኛል።»

«ልጄ ናት እኮ!»

«አውቃለሁ» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ኮምፒውተሩን ግን አላዞረችለትም።

ከኋላው የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ። እሱ አልሰማቸውም።

«ዛሬስ?» አለ። «ዛሬስ አልደወለችም?»

ልጅቷ የጥሪዎቹን ዝርዝር በዓይኗ እስከ ታች ወረደችበት፣ ተመልሳ ወጣችበት፣ ደግማ አየች።

«ዛሬ የለም» አለችው።