ሦስት ምስክር ጠይቀን አይሱዙ ሙሉ ሰው መጣልን

ዛሬ ጠዋት አሶሳ ያለው ቢሯችን በር ላይ አንድ አይሱዙ ቆመ። የጫነው ሰው ብቻ ነው!

የምሠራው ለተማሪዎች ነፃ የትምህርት ዕድል በሚሰጥ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። ከአመልካቾቻችን አንዷ ከሱዳን ድንበር አጠገብ ካለችው ከኩርሙክ የመጣችው ሐዋ ናት። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ግን ቤታቸው ሲቃጠል መታወቂያዋም የልደት ሰርተፍኬቷም አብረው ነደዱ።

አምና ቢሆን "ወረቀት ከሌለሽ አይሆንም" ብዬ እመልሳት ነበር። ዘንድሮ ግን ደንቡን ቀይረን "የሚያውቁሽ ሦስት ምስክሮች አምጪ" አልናት።

ሰፈሩ ነቅሎ መጣ። (የኩርሙክን መንገድ የሚያውቅ ስለ ወገባቸው ይዘንላቸው።)

ከሁሉም ቀድመው የገቡት አዋላጇ እማማ ዘሃራ ናቸው። "እማማ፣ መቼ እንደተወለደች የሚያሳይ ነገር ይኖራል?" ስላቸው ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"ወላሂ፣ በዚህ እጄ ነው የተቀበልኳት! የልደት ሰርተፍኬት እኔ ነኝ!"

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ቅጹ ላይ ያለው የፊርማ ቦታ ሦስት ብቻ ስለሆነ ሌላ ወረቀት ቀጠልንበት። ሾፌሩ ሳይቀር ፈረመ።

ሐዋ ዕድሉን አገኘች!

እኔም ከሰዓቱን አምና በወረቀት ሰበብ ለመለስኳቸው ልጆች ስደውል ዋልኩ። "ሰው ይዛችሁ ኑ" እያልኩ።

እናንተስ? ወረቀት በጠፋ ቀን "እኔ አውቀዋለሁ፣ እኔ አውቃታለሁ" ብሎ የቆመላችሁ ማን ነው? ስሙን እዚህ ጻፉልኝ።