«እኔን እዪኝ» ያልኳት ሴት

ይህ የደረሰብኝ በ2003 ዓ.ም. ጅጅጋ ውስጥ ነው። ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው። እስከ ዛሬ ከጥቂት ሰዎች በቀር ለማንም አውርቼው አላውቅም፤ ምክንያቱም የተበደልኩትም እኔ ነኝ፣ ሳላውቅ ሌላ ሰው የበደልኩትም እኔው ነኝ። አሁን የምጽፈው እንደ እኔ ዓይነት ሕመምተኛ ቤታቸው ያለ ሰዎች ቢያነቡት ብዬ ነው።

ወላጆቼ ከወሎ መጥተው ጅጅጋ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ናቸው። እኔና ታላቅ እህቴ ዘይነባ እዚያው ተወለድን። አባታችን ቀድሞ ሞተ። እናታችን ስትሞት እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ ያሳደገችኝ እህቴ ናት። እቴቴ ነው የምላት። ሳታገባ የቀረችው በእኔ ምክንያት እንደሆነ ሰው ያወራል፤ እሷ ግን አንድም ቀን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። እኔ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ።

ሕመሙ የጀመረኝ በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ድካምም የለም። ሐሳቤ ይሮጣል፣ አፌ አይዘጋም፣ የዓለም ምስጢር ሁሉ የተገለጠልኝ ይመስለኛል። አንድ ማክሰኞ ጠዋት አርባ ሦስቱን የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼን በሦስት ሚኒባስ አጭቄ ቀብሪበያ ወሰድኳቸው። የግመል ገበያ ላሳያቸው ነው። ለርእሰ መምህሩም ሆነ ለወላጅ አልተናገርኩም። ከሰዓት በኋላ ወላጆች ትምህርት ቤቱን በጩኸት ሞሉት። ፖሊስ ሲያገኘን ገበያው መሐል በርሜል ላይ ቆሜ አስተምር ነበር። ልጆቹ በውኃ ጥም ከንፈራቸው ደርቋል። ከበርሜሉ ላይ እጄን ይዛ ያወረደችኝ እቴቴ ናት።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የባሰ ነበር። አራት ወር ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። እቴቴ ጸጉሬን ታጥበኛለች፣ በማንኪያ ታጎርሰኛለች። ሩቅያ እንዲቀሩብኝ፣ ማለትም ለፈውስ ቁርኣን እንዲያነቡብኝ፣ አንድ ሼክ ተጠርተው መጡ፤ ቀርተው ሲጨርሱ «ይህች ልጅ ዱዓ ብቻ ሳይሆን ሐኪምም ያስፈልጋታል» ብለው ሄዱ። እቴቴ ሐረር ወሰደችኝ። ሐኪሙ ሕመሙ ባይፖላር እንደሚባል ነገረን። ስሜትን አንዴ ጣሪያ ላይ አንዴ ጉድጓድ ውስጥ የሚከት ነው አለ። መድኃኒቱም ለረጅም ጊዜ፣ ምናልባትም ዕድሜ ልክ እንደሚወሰድ አስረዳን።

ወሰድኩ። ተሻለኝም። ግን እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ፊደሉ ይጣመምብኛል፣ ተማሪዎቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ። ወፈርኩ። ከሁሉም ያስጠላኝ ደስታውም ሐዘኑም ከግድግዳ ማዶ ሆኖ የሚሰማኝ ነገር ነው። በስድስተኛው ወር እቴቴን «ከእንግዲህ አልወስድም» አልኳት።

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። «ወስነሻል?» አለችኝ።

«ወስኛለሁ።»

«እንግዲህ ገላው የራስሽ ነው። ወላሂ አላስገድድሽም። ብቻ እንቅልፍሽን ጠብቂ፣ ሶላትሽንም አትተዪ።»

አቅፌያት አለቀስኩ። እንደዚያን ቀን ሰው ያከበረኝ መስሎ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ሁለት ዓመት በሰላም አለፈ። በጊዜ እተኛለሁ። ጠዋት ጠዋት ወደ ካራማራ በኩል በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ እቴቴ ሄልና ዝንጅብል ገብቶበት ስኳሩ የበዛ ሻይ በግመል ወተት ታፈላልኛለች። እሱን ጠጥቼ ደኅና እንቅልፍ እተኛለሁ። እጄ አይንቀጠቀጥም። ሕመሙን በራሴ ጥረት ያሸነፍኩት መሰለኝ፤ ኮራሁ። ለሰው ማውራትም ጀመርኩ።

ሆዳንን ያገኘኋት ቀደም ሲል፣ መድኃኒት በምወስድበት ጊዜ፣ ሐረር ሐኪም ቤት ወረፋ ስንጠብቅ ነው። የቀብሪበያ ሰው ናት። ሕመማችን አንድ ስለሆነ ቶሎ ተግባባን። ጅጅጋ ከመጣች እኛ ቤት ሳትገባ አትመለስም። በ2003 ዓ.ም. የአሥር ወር ወንድ ልጅ ነበራት። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጣችና ሦስታችን ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን።

«ነኢማ፣ አንቺ ያለ መድኃኒት ሁለት ዓመት ቆየሽ። እንዴት ቻልሽው?» አለችኝ።

ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ሶላቱ፣ ስለ እግር ጉዞው ሁሉንም ነገርኳት።

«እኔም መተው እፈልጋለሁ» አለች። «ልጄ ሲያለቅስ ሌላ አገር ሆኖ የሚያለቅስ ነው የሚመስለኝ። ግን እፈራለሁ።»

«ምን ያስፈራሻል? እኔን እዪኝ!» አልኳት።

እቴቴ አጠገባችን ሆና ሻይ እየቀዳች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሆዳንን አየቻት። «ጠጪ እንጂ፣ ሳይቀዘቅዝብሽ» ብቻ አለቻት።

ከሁለት ወር በኋላ የሆዳን ባል አብዲ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ረጋ ያለ ሰው ነው። ጥላ ሥር ወስጄ አስቀመጥኩት።

«መምህርት፣ ሆዳንን ምን አልሻት?» አለኝ።

የሆነውን ተረከልኝ። ሆዳን ለቀናት ሳትተኛ ቆይታ፣ እሱ ለሥራ በወጣበት ጠዋት ልጁ ላይ በር ቆልፋ ወጥታለች። በከብት ጭነት መኪና ተሳፍራ ሐርተሼክ ላይ ሰዎች አይተዋታል። በሦስተኛው ቀን ሀርሺን ውስጥ ስትገኝ ባዶ እግሯን ነበረች፤ ውስጥ እግሯ ተሰነጣጥቆ ደም ይቋጥራል። ልጁን ጎረቤት ለቅሶ ሰምቶ በር ሰብሮ አወጣው። ተርፏል። አሁን የአብዲ እናት ወስደውታል፤ አንመልስም ብለዋል።

«አንቺ ትተሽ ዳንሽ፤ እሷም ያንን አይታ ነው የተወችው» አለ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ሄጄ ለእቴቴ ስነግራት ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበችና ተነስታ ወጣች። ያዘነች መስሎኝ ነበር። እኔ ግን፣ ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል፣ በልቤ በሆዳን ላይ ፈረድኩ። በደንብ አልተኛችም፣ ሶላቷን ችላ ብላለች፣ እንደ እኔ አልጣረችም አልኩ።

ወር አልሞላውም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ራሴን አመመኝና ማስታገሻ ልገዛ ገበያው አጠገብ ካለ መድኃኒት ቤት ጎራ አልኩ። ባለመድኃኒት ቤቷ ትኩር ብላ አየችኝ።

«የዘይነባ እህት አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ጥሩ መጣሽ። የወሩን መድኃኒት ይዘሽላት ሂጂ፤ ከትናንት ጀምሮ እየጠበቅኳት ነው።»

 እቴቴ ታማ ደብቃኝ ነው ብዬ አሰብኩ። «የምን መድኃኒት ነው?» አልኳት።

ወረቀቱን ገልብጣ አነበበች። «ነኢማ ይላል። ነኢማ አንቺ ነሽ እንዴ? ታዲያ የራስሽ ነዋ! መዋጥ ያስቸግራታል ስትለኝ በደንብ ፈጭተሽ ስጫት ብያታለሁ። አሁንም ያስቸግርሻል?»

ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። ቤት የደረስኩት ማስታገሻውን ሳልይዝ ነው።

እቴቴ ሩዝ እየለቀመች ነበር። የመድኃኒቱን ካርቶን ትሪው ላይ አስቀመጥኩት። አየችው። እጇ ሩዙ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኳት።

«ከተውሽው በሳምንቱ።»

ብቻዋን ሐረር ሄዳ ነበር። የፊተኛው አልተስማማትም፣ መንገዱም ይከብዳታል ብላ ለሐኪሙ ነግራ ሌላ ዓይነት አስለውጣለች። በየማታው ፈጭታ በሻይ ሰጥታኛለች።

«ወላሂ ብለሽኝ ነበር!»

«ወላሂ አላስገድድሽም ነው ያልኩት። አስገደድኩሽ?»

ካርቶኑን ከትሪው ላይ አነሳሁት። እሷ ግን ቀጠለች፤ «ከዚያ በርሜል ላይ ያወረድኩሽ እኔ ነኝ። አራት ወር ያጎረስኩሽም እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት እንደ ሰው ወጥተሽ ገባሽ። ምን አጎደልኩብሽ?»

«ሆዳንስ?»

ሩዙን እንደገና መልቀም ጀመረች።

«እኔን እዪኝ ስላት እዚሁ ተቀምጠሽ ነበር፣ እቴቴ።»

ማልቀስ ጀመረች። «በር ድረስ ስሸኛት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ለአንቺ ትነግርብኛለች ብዬ ፈራሁ። ካወቅሽ ትተዪዋለሽ፤ ከተውሽ አጣሻለሁ። ምን ላድርግ? ካንቺና ከሷ አንቺን መረጥኩ።»

ያን ቀን ልብሴን በሻንጣ ከትቼ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቤት ገባሁ።

ከዚያ የመጣው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ሁለቱን ዓመት ያቆመኝ መድኃኒቱ እንደሆነ አሁን አውቄያለሁ። ግን ብወስደው እቴቴ ልክ ነበረች ማለት መሰለኝ። እሷ በተንኮል ያደረገችውን እኔ በገዛ እጄ የማጸድቅላት መሰለኝ። በንዴት ተውኩት። ያበሰለው ሰው ፊቴ ካልቀመሰው በቀር ምግብ መብላትም አቃተኝ።

በአምስተኛው ሳምንት እንቅልፌ ወደ ሁለት ሰዓት ወረደ። አንድ ረፋድ ክፍል ውስጥ ሰሌዳውን ሞልቼ ግድግዳው ላይ መጻፍ ቀጥዬ ኖሯል። ዞር ስል ልጆቹ አይስቁም። ፊት ለፊት የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ በቀስታ ወደ በሩ እየተጠጋች ነበር። እኔን ፈርታ ነው። ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ «አሞኛል፣ ሐረር የሚያደርሰኝ ሰው ፈልግልኝ» አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ከባድ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

ሐኪሙ ሁሉንም ስነግረው ራሱን ያዘ። ሳያየኝ መድኃኒት መለወጡ ጥፋት እንደነበር በግልጽ ነገረኝ። ከዚያ መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ አስረዳኝ፤ የትኛው እጅ እንደሚያንቀጠቅጥ፣ የትኛው እንደሚያስተኛ። የቱን መሞከር እንደምፈልግ ጠየቀኝ። መረጥኩ። የመጀመሪያዋን ክኒን ግቢው ውስጥ ካለ ቧንቧ ውኃ በእጄ ቀድቼ ዋጥኩ። ደስ አላለኝም። ግን እኔ ነኝ የዋጥኳት።

ሲሻለኝ ቀብሪበያ ሄድኩ። ሆዳን መድኃኒቷን ጀምራ ቤቷ ነበረች፤ ከስታለች፤ ልጇ የለም። የሆነውን ሳልደብቅ ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ታዲያ ያለ መድኃኒት ዳንኩ ያልሽኝ ውሸት ነበር» አለች።

«አላወቅኩም ነበር፣ ሆዳን።»

«አንቺ አላወቅሽም። እሷ ግን እያወቀች ሻይ ቀዳችልኝ።»

ከዚያ በኋላ ቤታችን ረግጣ አታውቅም። ልጁ ዛሬም የሚኖረው አያቱ ጋ ነው። ሆዮ፣ ማለትም እማዬ፣ ብሎ የሚጠራው አያቱን ነው አሉ።

ሰዎች «እህትሽ አትርፋሻለች፣ ይቅር በያት» ይሉኛል። አትርፋኛለች፣ እውነት ነው። እኔም መድኃኒቴን ሳላቋርጥ ይኸው እያስተማርኩ አለሁ። ለበዓል እንጠያየቃለን፣ ስትታመም አስታምማታለሁ። እንደ ድሮው ግን አላምናትም። ሁለት ዓመት ሙሉ በገዛ ድሌ ስኮራ እያየች ዝም ያለችው ነገር አይለቀኝም።

ባለፈው ረመዳን ስልክ ደወለች። ሰላምታ ተለዋውጠን ስናበቃ «ነኢማ፣ ጾም ነውና መድኃኒትሽን በስንት ሰዓት ትወስጂያለሽ?» አለችኝ።

«ካፈጠርኩ በኋላ።»

«ተስማማሽ?»

«ተስማምቶኛል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለችና ዘጋች።

ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ። በዚያ ሁሉ ዓመት ስለ መድኃኒቴ ጠይቃኝ አታውቅም ነበር። ያኔ እንዲህ ብትጠይቀኝ ምናልባት እምቢ እላት ነበር፤ ምናልባትም እንደገና እታመም ነበር። ግን ሕመሙ ለሆዳን ሳይተርፍ በእኔ ላይ ብቻ ይቀር ነበር።