ከፖሊሱ ካፖርት ጋር የተቋጠረው ነጠላዬ

ልጄ ከምትማርበት ከሰው አገር ትናንት ደወለች። የዩኒቨርሲቲው ግቢ ፖሊስ ክፍሏን ፈትሾ ፓስፖርቷን ወስዶባታል። «እማዬ፣ ዝም ብል ይሻላል?» አለችኝ። እኔ ስልክ በጮኸ ቁጥር የምደነግጥ፣ በር ቆልፌ ተመልሼ የማረጋግጥ ሴት ነኝ። «ዝም በይ» ልላት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ጆሴፍ ትዝ አለኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ፣ በዐሥራ ሰባት ዓመቴ ደብረ ማርቆስ ባለ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ልብስ አጥብ ነበር። ጆሴፍ ከኬንያ ለትምህርት የመጣ ልጅ ነው። የሰኔው ብርድ አልሆነለትም፤ ሁለት ሹራብ ደርቦ ይውላል። ትኩስ ድንች በዳጣ ስሰጠው እንባው እየወረደ ይስቅ ነበር።

ተማሪዎች ባመፁበት ሰሞን፣ ልብስ ሳሰጣ፣ ግቢውን የሚጠብቀው ፖሊስ የጆሴፍን ፓስፖርት ካፖርቱ ኪስ ከትቶ ሲወጣ አየሁ። «የውጭ ሰው ነው፤ እሱ ነው የሚያሳምፃቸው» ይላል። ጆሴፍ ከኋላ ከኋላው እየሮጠ በተሰባበረ አማርኛ «ወረቀት የለም፣ አገር የለም!» ይለዋል። ፈተናውን ጨርሶ ወደ እናቱ የሚሄደው በሳምንቱ ነበር።

«ጋሼ፣ በሕግ አምላክ ይቁሙ!» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

ፖሊሱ ቆመ። ያን ጊዜ ይህን ቃል ሰምቶ የሚራመድ ሰው አልነበረም። «አንቺ አጣቢ፣ ምን ጥልቅ አደረገሽ?»

«የማን ትእዛዝ ይዘው ነው?»

«ለአንቺ ላሳይ?»

«ለዳኛ ያሳዩ!» አልኩና የነጠላዬን ጫፍ ከካፖርቱ ቀበቶ ጋር ቋጠርኩት። ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቆራኝተው ዳኛ ዘንድ እንደሚሄዱ አባቴ ነግሮኝ ነበር፤ ልማዱ ከቀረ መቆየቱን ግን አልነገረኝም። ተማሪዎቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። በር ላይ ፀሐይ የሚሞቁ አንድ ሽማግሌ ግን «ምን ያስቃል? ተቆራኝተዋል! ሂዱ እንጂ!» ብለው በትራቸውን ይዘው ተነሡ።

በጭቃው መንገድ እየተጓተትን ፍርድ ቤት ደረስን። ዳኛው ቋጠሮውን አይተው ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ግን ፖሊሱን የጽሑፍ ትእዛዝ ጠየቁት። አልነበረውም። ፓስፖርቱ ጆሴፍ እጅ ገባ። እኔ በማግስቱ ከሥራ ተባረርኩ። እናቴ አለቀሰች፤ እኔ አላለቀስኩም።

ዛሬም ፈሪ ነኝ። ሳስበው የሚገርመኝ የእኔ ድፍረት አይደለም። ያ ልጅ መብት ነበረው፤ መብቱ የሚጠየቅበትን ቃል ብቻ አላወቀም። ለልጄም «በዚያ አገር ፖሊስን የሚያቆመው ቃል ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። ጠይቂና ዕወቂ፤ ከዚያ ጮክ ብለሽ ተናገሪው» አልኳት።