ጎርፍ የነካው በሶ

ባለፈው ሰኔ የማድ ቤቴ ቧንቧ ፈንድቶ ወለሉን ውሃ ሲሞላው፣ ልጄ የራሰውን የዱቄት ከረጢት አንሥታ ፀሐይ ላይ ልታሰጣው ወጣች። የራሰ እህልና የጭቃ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ከእጇ ተቀብዬ ደፋሁት። "ሲደርቅ ምን ይሆናል ብለሽ ነው?" አለችኝ። ለእሷ ያልመለስኩላትን ለአንቺ ለወዳጄ ልንገርሽ።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ጎንደር ውስጥ ተዳፋት ላይ በተሠራ የጭቃ ቤት እንኖር ነበር፤ እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። አባቴ ቄስ ነበር። ትክል ድንጋይ በሚባል አገር ያለችውን እህቱን ሊጠይቅ ሲነሣ፣ እናቴ ለስንቅ ገብስ ቆላች፤ እኔ ፈጨሁት። በሶውን በስልቻ ሞልታ ወደ ገበያ ስትወጣ፣ ዝናብ ከመጣ ከመሬት አንሥቼ ቆጥ ላይ እንዳወጣው አደራ አለችኝ።

እኔ ግን ጎረቤት ሄጄ ሹሩባ እሠራ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እየሰማሁ፣ ራሴ ገና በግማሽ ነውና አልተነሣሁም። ስመለስ ጎርፉ በጓሮ በር ገብቶ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ከበላያችን ያለው ቤት የሽንት ቤት ጉድጓድ ሞልቶ አብሮ መውረዱን ሽታው ይናገራል። ውሃው በስልቻው ስፌት ገብቶ የሥረኛውን በሶ አርሶታል።

ወለሉን ጠርጌ አወጣሁ። ከዝናቡ በኋላ የወጣው ፀሐይ ያቃጥል ነበር። የራሰውን ሰፌድ ላይ አሰጥቼ፣ ሲደርቅ በእጄ አሽቼ፣ ከደረቁ ጋር ቀላቅዬ መለስኩት። ምንም አይመስልም ነበር። እናቴ ገና ከመግባቷ ወለሉን አየችና ጠየቀችኝ።

"በሶው ጋ ውሃ ደርሷል?"

"አልደረሰም" አልኳት።

አባቴ በማግስቱ ሄደ። በሳምንቱ አራት ገበሬዎች በቃሬዛ ተሸክመው አመጡት። ሆዱ አልቆም ብሎት፣ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። ከሐኪም ቤት የመጣው ድሬሰር ምን እንደ በላ ጠየቀው። በመንገድም እዚያም በሶ ብቻ እንደ በላ፣ ከእህቱ ደጅ ካለው ምንጭ እንደ ጠጣ በቀስታ ነገረው። ድሬሰሩ ዓይኑን በግድግዳችን ላይ ወደ ቀረው የጎርፍ ምልክት አዞረ።

"ሽንት ቤት አቋርጦ የመጣ ውሃ የነካው እህል ይጣላል እንጂ አይሰጣም" አለ። "ፀሐይ እርጥበቱን ነው የሚወስደው፤ በሽታው ይቀራል። በሶ ደግሞ ዳግም እሳት ሳያይ የሚበላ ነው።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። "የእኛንስ ውሃ አልነካውም" አለችው፤ "ያ ምንጭ ነው።"

የተረፈውን በሶ ሰው ሳያየኝ ጓሮ ቀበርኩት። አባቴ ዳነ፤ ቅዳሴ ቆሞ ለመጨረስ ግን ዓመት ፈጀበት። እናቴ በተሸካሚዎቹ አፍ ለአክስቴ፣ ውሃሽ ወንድምሽን ሊገድለው ነበር ብላ ላከችባት። አክስቴ ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠችም። ስንት ጊዜ ልናገር አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት! ከዓመታት በኋላ አባቴ ሲሞት ከቀብርተኛው ኋላ ብቻዋን ቆማ አየኋት። እናቴን ለማጽናናት እንኳ አልቀረበችም።

ከአርባው በኋላ ትክል ድንጋይ ሄድኩ። ከቤቷ ደጅ ቆሜ ስጠብቃት፣ ማድጋ አዝላ፣ ጎብጣ፣ ከገደሉ ሥር ስትወጣ አየኋት።

"ምነው እቴቴ፣ ምንጩ እዚሁ አይደለም እንዴ?" አልኳት።

"ወንድሜን የጣለውን ውሃ እንዴት ብዬ ልጠጣው?" አለች።

እዚያው መንገዱ ላይ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሹሩባውን፣ ሰፌዱን፣ ውሸቴን። ማድጋዋን ሳታወርድ ሰማችኝ።

"አባትሽ ያውቅ ነበር?"

"አልነገርኩትም።"

"እንግዲያ በእኔ ውሃ እንደ ታመመ አስቦ ሄደ በይኛ።"

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጣችም። ማድጋውን በቀስታ አውርዳ በቅል ቀዳችና ዘረጋችልኝ።

"ጠጪ" አለችኝ፤ "ከሩቅ ነው የመጣሽ።"

እሷ ቅሉን ከሥር ደግፋልኝ ጠጣሁ።